የአባባ አርባ ቦሩ ሜዳ ላይ

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለእትዬ ስመኝ፤ ጅቡቲ።

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተሻል? የወደቡ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ቅዱሳንን ሁሉ በስማቸው ትጠሪያለሽ? ባለቤትሽ ከሥራ በሰላም ይገባል? ልጆቹስ አማርኛውን ከፈረንሳይኛው እየደባለቁ አያታቸውን ሊያደናግሩ ተዘጋጅተዋል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እኔም ከናፍቆትሽና ከጥርሴ በቀር የሚያመኝ አልነበረም፤ ጥርሱን አስነቅዬዋለሁ፣ ናፍቆቱን የሚነቅል ሐኪም ግን ኮምቦልቻም ደሴም አልተገኘም።

በስልክ የአባባ አርባ እንዴት ሆነ ስትዪኝ «አማረ» ብዬ የዘጋሁት ልዋሽሽ ፈልጌ አይደለም፤ እማዬ አጠገቤ ቆማ ስለነበር ነው። አሁን ሹፌሩ ሂሻም መኪናውን ጭኖ ወደ እናንተ ሊወርድ ስለሆነ ሙሉውን ጽፌ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ።

አባባ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እማዬ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት፣ እኔም ከፋብሪካው ፈረቃ ጋር እየተጓተትኩ፣ ከኮምቦልቻ ተነሥተን የምንደርሰው ብዙ ጊዜ ምግቡም አባባም ከቀዘቀዙ በኋላ ነበር። ጎኑ ባለው አልጋ ላይ እግራቸው የቆሰለ አያ ሳሊሕ የሚባሉ አዛውንት ተኝተዋል። ልጃቸው ሸረፈዲን የደሴ ዙሪያ ገበሬ ነው። አባቱን ሲያጎርስ አባባንም ያጎርሳል፤ አባቱን ሲያገላብጥ አባባንም ያገላብጣል። ያዘዘው ሰው የለም። አባባም ሊያርፍ ሲል እማዬን ጠርቶ፣ «በአርባዬ ድንኳን አትትከሉ። ያጎረሰኝን እጅ አብሉልኝ፤ በየአልጋው ሥር የሚያድሩትን አስታማሚዎችም ጨምሩ። ሌላ ተዝካር አልፈልግም» አላት። እማዬም በሚካኤል ምላ ቃል ገባችለት።

ኑዛዜው ለጽዋ ማኅበራችን ሲነገር ማኅበሩ ተነቃነቀ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ አሁንም ጋሽ ዳምጤ ናቸው። የጥንቱ ሙሴ ሕዝቡን ያሻገረው በበትር ነበር፤ የእኛው ሙሴ በንግግር ነው። የታመመን ስለ መጠየቅ፣ የተራበን ስለ ማብላት፣ ዳቦው እስኪደርቅ ድረስ ተናገሩ። ከዚያ ወይፈን ተገዛ። ዲያቆኑ ጸሎት አድርሶ አረደው፤ ሴቶቹ ቀይ ወጡን ሲሠሩ ዋሉ። እኔ ሽንኩርት ስልጥ እንባዬ ሲወርድ ያየ ሁሉ «ለአባቱ ያለው ፍቅር» እያለ ከንፈሩን መጠጠልኝ፤ እኔም አላረምኩም።

እትዬ፣ ምን እንደጎደለ እስካሁን ሳይገባሽ አይቀርም። በአንቺ ሰርግ ጊዜ ጎረቤታችን ዘይኑልአቢዲን ለሙስሊም እንግዶቻችን በጎቹን በራሱ እጅ አርዶ፣ ከሰፈሩ ሴቶች ድስት አሰብስቦ፣ በራሳቸው ዳስ አስተናግዶልን ነበር። ወሎ ውስጥ ማን የማንን ሥጋ እንደማይበላ ሕፃን እንኳ ጡት ሳይጥል ይማረዋል። ያን ቀን ግን ማኅበር ሙሉ ጎልማሳ ረሳው። ሰርግ ስንደግስ የምንጠራው ሰው ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ነው፤ ለችግረኛ ስንደግስ ግን ችግረኛ ችግረኛ ብቻ መሰለን። ለደላው ሰው ሃይማኖቱን ጠይቀን፣ ለቸገረው ሳንጠይቅ ቀረን።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተኮናትረን፣ ድስቱን በጉልበታችን መሃል አቅፈን የሐረጎን ዳገት ወጣን። ስንነሣ ሁላችንም በነጠላችን መላእክት እንመስል ነበር፤ ደሴን ስናልፍ ወጥ ያልነካው መልአክ አልነበረም። ቦሩ ሜዳ ደርሰን ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ሣሩ ላይ ምግቡን አቀረብን። አስታማሚዎቹ መጡ፣ ነፍስ ይማር አሉ፣ መረቁን፣ እጃቸውንም መታጠብ ጀመሩ። አንዲት እናት ቀስ ብላ ማን እንዳረደው ጠየቀች። ጋሽ ዳምጤ የሥጋው ጥራት ያሰጋት መስሏቸው ደረታቸውን ነፍተው፣ «ዲያቆናችን ራሱ፣ በሥላሴ ስም!» አሏት።

እጅ መታጠቡ በዚያው ቆመ። የወሎ ሰው ደግሞ እንግዳውን አያሳፍርም። አንዱ ገና አሁን መብላቱን አስታወሰ፣ አንዱ ጥርሱን አመመው፣ አንዱ ጾም ላይ ነኝ አለ፤ ሴትዮዋም አላህ ይቀበላችሁ ብላ በሽተኛ የጠራት አስመስላ ሄደች። ጥቂት ክርስቲያን አስታማሚዎች ነበሩ፤ እነሱ በሉ፣ ፊታችንን ሲያዩም ለእኛ ሲሉ ደግመው በሉ።

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ያ እጅ ሳይበላ አልበላም ብላ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ድስቱ ሙሉ፣ ቃሉ ባዶ ሆነባት። እኔም የምቀልደው አጣሁ፤ ይህ በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደደረሰ አንቺ ታውቂያለሽ።

ይሄኔ ሸረፈዲን አባቱን አጥቦ ሲወጣ አየን። የሆነውን ሳንነግረው ከፊታችን ተረዳው። ጎንበስ ብሎ የእማዬን እጅ ሳመ። እሷም፣ «ምን ላብላህ ልጄ?» አለችው።

«እማማ፣ እኔ እህል አላጣሁም» አላት። «ያጣሁት ተተኪ ሰው ነው። ድንቼ ደርሶ መሬት ውስጥ ቀርቷል፤ ዝናብ ቢደግመው መበስበሱ ነው። አባቴን ለማን ጥዬ ልሂድ?»

«ሂድ፣ እኔ አለሁ» አለችው። ለቤተ ክርስቲያን ደረጃ የማይታዘዘው ጉልበቷ የሆስፒታሉን መተላለፊያ እንዴት እንደበረረበት ሐኪሞቹም አይነግሩሽም።

ከመግባቷ በፊት ዞር ብላ እኛን አየችን። ያቺን አስተያየት ታስታውሻታለሽ፤ በልጅነታችን አርጩሜ ያስቀረችልን እሷ ናት። ስለዚህ ከወይፈኑ በፊት መጠየቅ የነበረብንን ጥያቄ ያን ጊዜ ጠየቅን፤ አስታማሚዎቹን ምን እናግዛችሁ አልናቸው። አንዷ ልብስ ልታጥብ፣ አንዱ የቀትሩን ሶላት ዙህርን ሊሰግድ፣ አንዱ ጀርባውን ሊያሳርፍ ፈለገ። ማኅበሩ በየአልጋው ተደለደለ። ጋሽ ዳምጤ ክፍሉ መሃል ቆመው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አንድ በሽተኛ ሽማግሌ፣ «ጌታዬ፣ ካልቸገረዎ ከንግግሩ በፊት ያቺን ፖፖ ያቀብሉኝ» አሏቸው። አቀበሉ፣ ደፉ፣ አጠቡ፣ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ቃል አልወጣቸውም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ከስብከታቸው ሁሉ የዚያን ቀኑ ይበልጣል።

እማዬ አያ ሳሊሕን አጥሚት በማንኪያ ታጠጣለች። እሳቸው ቢስሚላህ ይላሉ፣ እሷ በስመ አብ ትላለች፤ አጥሚቱም ሳይከራከር ይወርዳል።

አመሻሹ ላይ ሸረፈዲን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። ድንቹን ከጎረቤቶቹ ጋር ተጋግዘው አውጥተውታል፤ ሚስቱ ሳፊያ ከዚያው ቀቅላ በጨርቅ የቋጠረችለትን ትኩስ ትኩሱን ይዟል። አያ ሳሊሕ እማዬ ቀኑን ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም ብለው ነገሩት። እሱም አንዱን ልጦ፣ በርበሬ አስነክቶ ወደ አፏ ዘረጋ። እማዬ አመነታች፤ አብሉት የተባለው እሱ ነው እንጂ እሷ አይደለችማ።

«አብሽሩ እማማ» አላት፣ «ድንች አይታረድም።»

አባባን ያጎረሰው እጅ እማዬን አጎረሰ። እሷም ሌላ ድንች ልጣ መልሳ አጎረሰችው። ሳቀችም አለቀሰችም፤ አፏ ሙሉ ስለነበር የትኛው እንደቀደመ አልለየሁም። ወይፈን ያልፈጸመውን ቃል ድንች ፈጸመው ብዬሻለሁ።

የተረፈውን ወጥ ስንመለስ ደሴ ላይ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለሚለምኑት አካፈልን። ዘይኑልአቢዲን ወሬውን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀብን፣ «ሰርግ ቢሆን ኖሮ ትጠሩኝ ነበር» አለ፤ ከዚያ ለሚመጣው ቅዳሜ የማስታመም ተራ ውስጥ ስሙን አስገባ። አዎ፣ ማኅበሩ አሁን በተራ ይወጣል። ጋሽ ዳምጤ ሁለት ጓንት ገዝተዋል፤ ስለ ጓንቱ ግን ገና ብዙ ይናገራሉ።

ሂሻም የሚያስረክብሽ ጆንያ የሸረፈዲን ድንች ነው፤ ከአባባ ተዝካር የደረሰሽ ድርሻ ነውና ቀቅለሽ ለጎረቤቶችሽ አቅምሺ፤ ለማንኛቸውም ቢሆን ጭንቅ የለውም። ለባለቤትሽ ከወንድምነት ሰላምታ፣ ለትልቋ ልጅሽ የጉንጭ ስሞሽ፣ ለትንሹም ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገሽ ሰላም በዪልኝ። እማዬ እንደ ባሕሩ የሰፋ ናፍቆቷን ልካለች። ዘይኑልአቢዲንና ቤተሰቡ፣ ሸረፈዲንና ሳፊያ፣ ስምሽን ከእማዬ አፍ የለመዱት አያ ሳሊሕም ሰላም ይሉሻል። እሳቸው እግራቸው እየጠገገ ነው፤ አጥሚቱ ግን ጨው ይጎድለዋል እያሉ እማዬን ያስቸግሯታል፤ እሷም በደስታ ትቸገራለች።

ወንድምሽ ሰማኸኝ
ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.