ያላለፉት አራት መምህራን

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም

የሠራተኛ መረጃ የያዘውን ፕሮግራም ከዝውውሩ ፕሮግራም ጋር ካገናኘሁ ሳምንት ሆነኝ። የመምህራኑ መረጃ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ የአራቱ ብቻ እምቢ አለ። ለምን እነሱ? ወረዳቸው የተለያየ፣ የሚያስተምሩትም የተለያየ። ነገሩ ምሳዬን አስረሳኝ።

ከሰዓት በኋላ ከአራቱ አንዷ፣ የጅጋዋ መምህርት፣ ጫማዋ ጭቃ እንደያዘ መጣች። ባሏ ቡሬ ነው የሚሠራው፤ የዝውውር ምዝገባው ደግሞ ነገ ይዘጋል። የወረቀት ፋይሏን አስወጥቼ ከስክሪኑ ጋር ሳስተያይ የልደት ቀኗ ላይ ቆምኩ፤ ጳጉሜን 3። የቀሩትን የሦስቱንም አየሁ። ሁሉም የጳጉሜን ልጆች ናቸው።

ለሙከራ ነሐሴ 30 ብዬ ብሞላው ወዲያው አለፈች።

«እንዲህ ብንተወውስ?» አልኳት።

«ኧረ አይሆንም፤ የሩፋኤል ዕለት ነው የተወለድሁት።»

አሥራ ሦስተኛውን ወር ጨምሬ በራሷ ቀን አሳለፍኳት። ደስ ብሏት ስትነሣ፣ «መቼም ፕሮግራሙን የሠራው ፈረንጅ ነው፤ ጳጉሜንን በምን ያውቀዋል» አለችኝ።

ፋይሏን ዘጋሁ። ሁለቱን ፕሮግራሞች የሚያገናኘውን የወር ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም ብዬ።