ለስልሳ ሁለት ዓመት ሰው የሚሆን ፐዝል

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ሁለት የመስኮት ፍሬም ጨረስኩ። አንዱ ትንሽ ጠመመብኝ፣ እንጨቱ አልደረቀም ነበር። የሥራ ጃኬቴ ቁልፍ ተበጠሰ። ኪሴ ከተትኩት። ድሮ ቢሆን ገና በሩን ሳልዘጋ ልትሰፋልኝ ጃኬቱን ታስወልቀኝ ነበር…

ከሰዓት አለቃን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። (እዚህም ላይ አለቃ አልኳት። ሚስቴ ብዬ ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ልብስ ስትሰፋ እኔንም አብራ ስትለካኝና ስታስተካክለኝ ነው የኖረችው።) ስትሮክ ከመታት አራተኛ ወሯ ነው። እግሯ ተመለሰ። ምላሷማ መጀመሪያውንም አልታመመም። የቀረው ቀኝ እጇ ነው። ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ፣ ግን ምንም አይዙም። ማንኪያ እንኳ ይወድቅባታል።

ፊዚዮቴራፒስቷ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ አቆመችኝ። "አባባ፣ እነዚህን ጥቂት ወራት ካላሠራችው እጁ እንዲሁ ይቀራል። ቤት ትለማመዳለች?"

ምን ልበላት? የሰጠቻትን የላስቲክ ኳስ አልጋ ሥር ወርውራዋለች። "በዚህ ዕድሜዬ ኳስ ተጫዋች ልታደርጉኝ ነው?" ብላ።

"እንግዲያው የምትወደው ነገር ይፈልጉላት። ፐዝል ይሞክሩ እስቲ፣ ተቆራርጦ የሚገጣጠም ሥዕል። አውራ ጣትና ሌባ ጣትን ያሠራል።"

ፐዝል… እሺ። ነገ በር ልገጥም ቃል አለብኝ። ሐሙስ እሄዳለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ይህን ያህል ዓይነት ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም። አንድ ግድግዳ ሙሉ ፐዝል። ባለሱቋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አንድ በአንድ አወረደችልኝ። ባለ ስልሳ፣ ባለ አምስት መቶ፣ ባለ ሺህ ቁራጭ። ክብ የሆነ፣ ጥግ የሚባል ነገር የሌለው። አንዱማ ጭራሽ ሥዕል የለውም፣ ሁሉም ነጭ ነው። "ይሄን የሚገዛ ሰው ምን አጥፍቶ ነው?" አልኳት። ሳቀች።

"ለስንት ዓመት ልጅ ነው?"

"ለስልሳ ሁለት።"

መነጽሯን አውርዳ አየችኝ።

የካርቶኑን በጣቴ ለካሁት። ሁለት ሚሊ አይሞላም። አለቃ ይሄን አትይዝም። የእንጨቱን አነሳሁ። ወፍራም፣ ጠርዙ በደንብ የተላገ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ መያዣ የተተከለበት። ንጹሕ ሥራ ነው፣ እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ አልሠራም። ላም፣ ዳክዬ፣ ጥንቸል… እውነቱን ለመናገር ሥዕሉን አላየሁትም። ያየሁት መያዣውን ነው። አናጢ አይደለሁ?

ዓርብ፣ የካቲት 7

ጉድ ሆንኩ።

ከቁርስ በኋላ ፊቷ አስቀመጥኩላት። አንዴ አየችው። ከዚያ በግራ እጇ ላሟን፣ ዳክዬዋን፣ ጥንቸሏን ቦታ ቦታቸው ከተተች። ደቂቃ አልፈጀባትም።

"ጨረስኩ። አሁን ወተቴን አጠጣኝና አስተኛኝ።"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰው ይህን ያህል ዓመት አብሯት ኖሮ ሚስቱን አያውቅም? አፍሬያለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሄጄ ቀየርኩ። ባለሱቋ "ላሟ አልተስማማቻትም?" አለችኝ። ባለ አምስት መቶ ወሰድኩ፣ ባሕርና ሰማይ። አለቃ ሳጥኑን አገላብጣ አየችውና "ይሄ እንኳ የሰው ነው" አለች። እሰየው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ጠርዙን በግራ እጇ ጨርሳዋለች። ቀኙን የምትሞክረው እኔ ሳላይ ነው። ዛሬ ረስቼው የሄድኩትን ሜትር ልወስድ ስመለስ በበሩ ክፍተት አየኋት። አንዲት ቁራጭ ልታነሳ ሰባት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ… እየተንሸራተተች መሬት ትወድቃለች። በመጨረሻ ቀኝ እጇን በግራዋ መታችው። የገዛ እጇን።

አልገባሁም። ብገባስ ምን እላለሁ?

አንድ ነገር አስቤያለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

እህቷ ሐኪም ቤት ይዛት ሄደች። እኔ ሳጥኑን ይዤ ወርክሾፕ። የየቁራጩን ጆሮ፣ ያቺን የምትገጥመዋን ጉጥ፣ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ትንሽ ፈተግኩት። በር ቢጠብቅ ይላጋል፣ መሳቢያ ቢጠብቅ ይላጋል፣ ይሄ በምን ይለያል? ሦስት መቶ ያህል ደረስኩ። ጣቴ ተልጧል። ግን አሁን ሸርተት ብሎ ይገባል። ገፋ ማድረግ ብቻ። ደስ ብሎኛል።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሰማዩ ባሕር ውስጥ ገባ።

መጀመሪያ አራት ቁራጭ ተከታትሎ ገባላት፣ በቀኝ እጇ፣ እየገፋች። ፊቷ ሲፈካ አየሁ። ከታመመች ወዲህ እንዲህ አይቻት አላውቅም… ከዚያ ጎንበስ ብላ አስተዋለች። ደመናው መሃል የጀልባ ጫፍ ተቀምጧል። አንዱን ቁራጭ አንስታ ወደ ሌላ ቦታ ወሰደችው፣ ገባ። ወደ ሌላ፣ ገባ። ሁሉም በሁሉም ይገባል። ለካ የላግኩት ልዩነቱን ነው።

"ነክተኸዋል።"

"ምኑን?"

"አንተ አናጢ። ስሰፋ ስኖር አንድ ቀን መርፌ ውስጥ ክር አስገብተህልኝ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ጠይቄህስ አውቃለሁ?"

"አልጠየቅሽኝም።"

"ታዲያ ከእነዚህ ከአራቱ እኔ ያስገባሁት የትኛውን ነው?"

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ሁሉንም ወደ ሳጥኑ አፈሰሰችውና ክዳኑን ዘጋች።

ዓርብ፣ የካቲት 14

አኩርፋለች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

አሁንም። ሻይ ጠጣን፣ እሷ ሳሎን፣ እኔ ኩሽና።

እሑድ፣ የካቲት 16

አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። "አለቃዬ፣ ይቅር በይኝ። ፈርቼ ነው።"

"ምን ፈራህ?"

"እጅሽ እንዲህ እንዳይቀር።"

"እኔስ የማልፈራ መሰለህ?"

አራት ወር ሙሉ ይህችን ቃል አልተነጋገርናትም ነበር። ለሰው ሁሉ "ደህና ናት፣ ደህና ነኝ" ስንል… እጇን ያዝኩት። ቀኙን። አላስለቀቀችኝም።

ቆይታ፦ "የላሟ ይያዛል፣ ግን የሕፃን ነው። የባሕሩ ከባድ ነው፣ ግን አይያዝም። ከባድ ሆኖ የሚያዝ የለም?"

"ሱቁ ውስጥ የለም።"

"ከሱቅ ግዛ ማን አለህ?"

ዓይኗን ስከተል የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ነው። ስንጋባ የሠራሁላት፣ በሁለት ጎኑ ተጣጣፊ ክንፍ ያለው። የግራውን ክንፍ ቆራርጥና ፐዝል አድርገው አለችኝ። እምቢ አልኩ። እሱን ከቆረጥኩት በኋላ ተመልሳ ጨርቅ ባትቆርጥበትስ? አፌ አላወጣውም፣ እሷ ግን ገብቷታል።

"እጅ ከሌለኝ ጠረጴዛው ምን ያደርግልኛል? ካለኝ ደግሞ ሌላ ክንፍ መሥራት አያቅትህም።"

ረቡዕ፣ የካቲት 19

መስመሩን ራሷ አሰመረችው። ጠመኔውን በግራ እጇ ይዛ፣ ለኮት ጨርቅ እንደምታሰምር። የእጅጌ ቅርጽ፣ የኮሌታ ቅርጽ፣ የወገብ። ስልሳ አራት ቁራጭ ወጣው። ሥዕል የለውም። ያለው የመቀሷ ጭረትና ያልለቀቀ የጠመኔ ቀለም ነው። "ይቺ የአክስቴ ልጅ ቬሎ ናት" ትላለች አንዱን ጭረት እያሳየችኝ። "ይቺ ያ ሆዳሙ ጎረቤታችን ያዘዘው ሱሪ። ይቺ ቃጠሎ ደግሞ አንተ ካውያውን ትኩስ እንደሆነ አስቀምጠህ ስልክ ያወራህባት።" ሃያ ዓመት አለፋት እኮ! አትረሳም።

"ጠባብ ይሁን" አለች በመጨረሻ። "እንዳትልገው።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

በቀጭኑ መጋዝ ቆርጬ ጨረስኩ። አልላግኩትም። አንዱንም።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ይወድቃል፣ ታነሳዋለች። ይወድቃል… እንጨቱ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ወርክሾፕ ድረስ ይሰማኛል። ልሮጥ እነሳና ተመልሼ እቀመጣለሁ። አጠገቧ ስቆም "ሂድ ሥራህን ሥራ፣ ስታየኝ ይንቀጠቀጣል" ትለኛለች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ዛሬ የወደቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እየቆጠርኩ መሆኔን አታውቅም።

መጋቢት 27

አልጋ ሥር ስጠርግ ያን ኳስ አገኘሁት። አቧራውን አራግፌ መልሼ እዚያው አስቀመጥኩት። እኔ የለሁበትም።

ሚያዝያ 12

ከወርክሾፕ ስገባ ክንፉ ሙሉ ለሙሉ ተገጣጥሟል። አንድ ቁራጭ ብቻ ይጎድላል፣ መሃል ላይ። ያቺ የቃጠሎዋ። አለቃ ሻርፗን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ ቁጭ ብላለች።

"ጠፋች" አለችኝ። "ፈልጋት።"

ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ሶፋውን ገፋሁ። ምንጣፉን ገለጥኩ። ስልሳ አራቱንም ቆጥሬ ነው የሰጠኋት፣ የት ትሄዳለች? በጉልበቴ እየዳህኩ ከወንበሯ ሥር ቀና ስል ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አመማት ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ሳቋን ልትይዝ ነው።

ሻርፑን ገለጥ አደረገችው። ቀኝ እጇ ተጨብጧል።

"ከቁርስ ጀምሮ ይዣታለሁ። ማስለቀቅ ከቻልክ ውሰዳት።"

አውራ ጣቷን ልገልጥ ሞከርኩ። አልሆነም። ሌባ ጣቷን ሞከርኩ። እልህ ያዘኝና በሁለት እጄ… አቃተኝ። አቃተኝ! እንጨት ስገፋ የኖርኩ ሰውዬ፣ ማንኪያ ያልያዘውን እጅ መክፈት አቃተኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አላፈርኩም።

"በል ተነስ" አለችና ራሷ ከፈተችው፣ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት። ቁራጯን አነሳች። ጠባብ ናት፣ ወዲያው እሺ አላለችም። በአውራ ጣቷ ተጭና አስገባቻት። ከዚያ ወደ ደረቴ አየች።

"ያ ቁልፍ አሁንም ኪስህ ውስጥ ነው?"

ሁለት ወር አላየችውም ብዬ ነበር። ጃኬቴን አወለቅኩና ከቁልፉ ጋር ሰጠኋት። መርፌና ክር ከመሳቢያዋ አወጣች። ክሩ አንዴ ሳተ፣ ሁለቴ ሳተ… ላስገባልሽ አላልኳትም። አጠገቧ ተቀምጬ ጠበቅኩ።