ክላክሱን ያጮህኩት እኔ አልነበርኩም

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው፤ ደረጃውን ሲወጡ አሁንም ግድግዳውን ይይዛሉ? ዓይንዎስ? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ጠብታ እማዬ በሰዓቱ ታደርግልዎታለች ወይስ እንደ ልማድዎ «ነገ» እያሉ ያታልሏታል? እማዬስ ወገቧን ተሻላት? የእኔን ከጠየቁ፣ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ይላል፤ እኔም እስከ ዛሬ እንደዚያ እያልኩ ነው የጻፍኩልዎት። ዛሬ ግን ያንን ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አልታመምኩም፣ ከማንም ጋር አልተጋጨሁም። ያለብኝ እፍረት ነው።

ትንሿ እህቴ፣ ይህን ለአባዬ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና ቤት ውስጥ እንግዳ ካለ እስኪወጣ ጠብቂ። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ጀምሪ። መሀል ላይ አዝነሽልኝ ዘለሽ እንዳታልፊ፤ እኔ አውቅሻለሁ።

አባዬ፣ እኔ አሁን ተሳቢ አልነዳም። ከረጅም ጉዞ ክፍል ወጥቼ እዚሁ ድርጅት ውስጥ ወደ ከተማ ማከፋፈያ ክፍል ከተዛወርኩ ቆየሁ። ማንም አላባረረኝም፤ ራሴ ሄጄ ነው የለመንኩት።

እዚህ አዲስ ሹፌር መጀመሪያ ከአሰልጣኝ ጋር ረጅሙን መንገድ ይወጣል። ከዋናው መጋዘን ጭነን ስንወርድ ያለውን ቁልቁለት እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እንዳስተማሩኝ ገና ከላይ ጀምሬ በከባድ ማርሽ ያዝኩት። ግማሽ መንገድ ላይ ፍሬኑ መሽተት ጀመረ፤ ተሳቢው ከኋላ ሲገፋኝ በወንበሬ በኩል ተሰማኝ። አሰልጣኙ «ተረጋጊ፣ ልክ ነሽ፣ ቀስ ብለሽ ወደ ዳር አውጪው» አለኝ። አወጣሁት፣ ቆመ። አንድ ጠጠር እንኳ አልነካሁም። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ አፋፉ ላይ ስንደርስ እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ላቤ መሪው ላይ ተንጠባጠበ። «እባክህ ቦታ እንቀያየር» አልኩት። ቀየረኝ። በሚቀጥለውም እንደዚያው ሆነ። ከኋላችን የቆሙት ሹፌሮችና ረዳቶች አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። አሰልጣኙ ደግ ሰው ነው፣ ይህ ነገር ሁሉንም ሹፌር አንድ ቀን ያገኘዋል አለኝ። እርስዎን አግኝቶዎት ያውቃል? አግኝቶዎትም ከሆነ ነግረውን አያውቁም።

የስምሪት ኃላፊው ዘንድ ስገባ የምናገረውን ሳጠናው አድሬ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ግን ሁሉም ጠፋኝ። «ከተማ ክፍል ሹፌር ጎድሎኛል፤ ግን አስቢበት፣ ከዚህ አንዴ ከወጣሽ መመለሱ ቀላል አይደለም» አለኝ። ንግግሩን ሳይጨርስ እሺ አልኩት። ስወጣ በሩን በቀስታ ዘጋሁ፣ የሆነ ነገር ሰርቄ የምወጣ ይመስል።

የረጅም ጉዞዎቹ የእኛን ክፍል «ጡረታ ቤት» ነው የሚሉት። ጠዋት ጠዋት ሳሙናና ዘይት፣ ብስኩትና ዱቄት በትንሹ መኪና ጭኜ ከሱቅ ሱቅ እዞራለሁ። መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ መስታወቱን አጥፌ የምገባበት ቦታ አለ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት በሩ ላይ በቆምኩ ቁጥር «ደንበኛ አባረርሽብኝ!» እያለ ይጮህብኛል፤ ስወጣ ደግሞ ዱቄት በነካው እጁ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃሽ!» እያለ እሱው ያስወጣኛል። ዕቃውን እኔም አወርዳለሁ፤ ትከሻዬ ጠንክሯል። በኋላ ማርሽ ጠባብ ቦታ ገብቶ በመውጣት በዚህ ክፍል የሚያህለኝ የለም ይላሉ። እውነቱን ልንገርዎትና ሥራውን ወድጄዋለሁ። መውደዴም ራሱ ያሳፍረኛል፤ ሰው ፈርቶ በሸሸበት ቦታ እንዴት ይደላዋል?

ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ ይሉኝ ይሆናል። አባዬ፣ እርስዎ እኮ አፍዎን ሞልተው ተናግረው ነበር። በራችን ላይ አብረውዎት የሚቀመጡት ጡረተኛ ሹፌሮች «ሴት ልጅ ተሳቢ?» ብለው ሲስቁብዎ «በዚሁ መንገድ ስታልፍ ታያላችሁ» ብለው አፋቸውን አስያዙ። እርስዎ ድሮ ከጉዞ ሲመለሱ ኩርባው ጋ ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም አድርገው ክላክስ ያጮሁ ነበር፤ እማዬ ምሳ ታሞቃለች፣ እኛ እየተጋፋን ወደ በር እንሮጣለን። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ዕለት «ይህ የቤታችን ድምፅ ነው፣ ስታልፊ እንዳትረሺው» አሉኝ። መጀመሪያ ላይ ከአሰልጣኙ ጋር ሳልፍ ያጮህኩት በእርግጥ እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የእኔ አይደለም።

ሐሙስ ሐሙስ በደጃችን የሚያልፍ፣ ቀውላላው የምንለው የረጅም ጉዞ ሹፌር አለ። ጉልበቱ መሪውን ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ሲበዛ የዋህ ሰው ነው። እሱን ለመንኩት። ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም ብዬ አስጠናሁት። መኪናው ከፍ ያለ ነው፣ መስታወቱ ያብረቀርቃል፤ ዓይንዎ ደግሞ ከበር ላይ ሆኖ ጋቢና ውስጥ ያለውን ሰው እንደማይለይ አውቅ ነበር። በዓይንዎ መድከም ነው የተጠቀምኩት አባዬ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

አንድ ጊዜ ትንሿ ደውላ «አባዬ ኩርባውን አጥብባ ትወስደዋለች፣ የተሳቢው ጎማ አስፋልቱን ሲለቅ ይሰማኛል ብለዋል» አለችኝ። ምክሩን ለቀውላላው አደረስኩለት። እሱም ራሱን እያከከ «አባትሽ ልክ ናቸው፣ አሰልጣኜም ይህንኑ ይለኝ ነበር» አለ። ያን ቀን ሁለታችንም ሳቅን። አሁን ሳስበው ምን እንዳሳቀኝ አላውቅም።

ባለፈው ሐሙስ ግን የሆነውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከፊቱ መኪና ተበላሽቶ መንገዱ ተዘጋና ቀውላላው ልክ በራችን ፊት ለፊት ቆመ። እርስዎ ከወንበርዎ ተነስተው መጡ። በከዘራዎ ጎማዎቹን አንድ በአንድ መታ መታ እያደረጉ፣ ጆሮዎን አዘንብለው እየሰሙ፣ መኪናውን በሙሉ ዞሩት። ጨርሰው ወደ ጋቢናው ቀና ብለው «ጎማሽ ደህና ነው ልጄ፣ ሂጂ፤ መንገድ አትዝጊ» አሉ። እሱ መስኮቱን ሊከፍት አልደፈረም፤ እጁን ብቻ አነሳ። ጓደኞችዎም ከኋላ ሆነው አጨበጨቡ አለኝ።

ሲመለስ መጋዘኑ በር ላይ ካርቶን ስጭን አገኘኝ። ኮፍያውን አውልቆ «ሌላ ነገር ለምኚኝ። ይህን ግን ከእንግዲህ አላደርገውም። ሰውዬው የተናገሩት ላንቺ ነው፤ እኔ ቁጭ ብዬ ተቀበልኩት» አለኝ። የያዝኩትን ካርቶን የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ ይዤው ቆምኩ።

ቅዳሜ በስልክ ልነግርዎ ደውዬ ነበር። «የኔ አንበሳ» ብለው ሲያነሱት ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁ። ስለዚህ ይህን በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ፤ ከሐሙስ በፊት እንዲያደርስልኝ አደራ ብዬዋለሁ። ከነገ ወዲያ ያ መኪና ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው። አንድ ነገር ሆና ነው ብለው እንዳይደነግጡ፣ እኔ በዚያ ሰዓት እዚህ ከተማ ውስጥ ዱቄት እያወረድኩ ነው። እባክዎ ሐሙስ በር ላይ አይቁሙ።

ጓደኞችዎን በእኔ ምክንያት ቀና ብለው እንዳያዩዋቸው አደረግሁ። ይህን እርስዎ እንዲነግሩልኝ አልጠይቅም። በዚህ ክፍል እሁድ እረፍት ነኝና በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ሁሉም በተቀመጡበት፣ ፈርቼ እንደወጣሁም፣ እንደዋሸሁም ከእኔው አፍ ይሰሙታል። ከፈለጉ ይሳቁ።

እማዬን ሳሚልኝ፣ ትንሿ። የገባት ይመስለኛል፤ ባለፈው በስልክ «ይሄ ሁሉ ሻጭ የሚጮኸው በየትኛው አውራ ጎዳና ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ወሬ ቀየርኩባት። አክስቴን ከነልጆቿ ሰላም በይልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል። አንቺንም፣ ድምፅሽ ሳይሰበር እስከዚህ ካነበብሽ፣ ግንባርሽን ሳምኩት።

እርስዎን ግን አባዬ፣ ዛሬ በወረቀት ሰላም ለማለት ድፍረት አጣሁ። እሁድ በሩን ከከፈቱልኝ፣ ያን ጊዜ በአፌ እልዎታለሁ።

ልጅዎ

ከከተማ ማከፋፈያ ክፍል፣ የሹፌሮች ማረፊያ
ማክሰኞ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን