ከንስሐ በኋላ የመጣ ጥያቄ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ጠዋት

ዝናብ። ቁርስ በላሁ፤ የደም ግፊት ክኒኔን ዋጥኩ። የሳሎኑ መጋረጃ አሁንም ያዘነብላል። መጋረጃ ሰቃዩ ሰውዬ አስተካክዬዋለሁ ብሎ ከሄደ ወዲህ ይባስ ብሏል። ዛሬ እደውልለታለሁ።

ያው ቀን፣ ማታ

አልደወልኩም። ሶስና መጣች። የልጅ ልጄ ናት፤ እዚሁ ሮተርዳም ተወለደች፤ አሁን ዞተርሜር እናቷ ዘንድ ትኖራለች። ዴን ሃግ ያለ አንድ የመንግሥት መ/ቤት ሊቀጥራት ነው። ሥራው ምስጢር የሚያዝበት ስለሆነ አስቀድሞ ያለፈ ሕይወቷ ይመረመራል። እሷም ትጠየቃለች፤ የሚያውቋት ሰዎችም ይጠየቃሉ። ከሰጠቻቸው ስሞች አንዱ የእኔ ነው፤ ያውም ሳታስፈቅደኝ። ገሠጽኳት። እርስዎ አያሳፍሩኝም ብዬ ነው አለች። እርስዎ! ይህ ቃል ትዝ የሚላት የምትፈልገው ነገር ሲኖር ነው። በቀረው ጊዜ አንቺ ነኝ።

ካፖርቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ሳለ ተናገረች። አምስተርዳም ስትማር በጭፈራ ቤት ክኒን ትወስድ ነበር። የሚያስጨፍር፣ ሰውን ሁሉ የሚያስወድድ ክኒን ነው አለች። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ክረምቱን በሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። (የዚህን አገር ክረምት ማለቴ ነው።) ከዚያ ተወችው። እናቷ ታውቃለች። የማላውቀው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ አምስተርዳም የሚከራይ ክፍል አጥታ እኔ ቤት ነበር የምታድረው!

ከሄደች በኋላ ሳህን አጠብኩ። ቀድሞ የታጠበ ሳህን ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 13

ተናድጄ ነቃሁ። በክኒኑ ነው የተናደድኩት ወይስ ባለማወቄ? ለአንተ ለማስታወሻዬ መዋሸት ምን ይረባል? ባለማወቄ ነው። ገበያ ሄድኩ። ቲማቲሙ ለስላሳ ነው፤ መለስኩት። ሻጩ አጉረመረመ። ያጉረምርም።

እሑድ፣ ጥቅ. 16

ከቅዳሴ በኋላ ሶስናና እናቷ እኔ ቤት ዋሉ። ልጄ አስቴር፣ የሶስና እናት፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት። በሥራዋ አንድ ጠብታ መድኃኒት አታሳስትም። ዛሬ ግን እንዲህ ስትል ሰማኋት። ያኔ ነገሩን እንደደረሰችበት ሶስናን ወደ ነፍስ አባታችን ወስዳ አስናዝዛታለች። ልጅቱ ቀኖናዋን ጨርሳለች፤ ጾማለች፣ ሰግዳለች፣ ቆርባለች። ስለዚህ ኃጢአቱ ተሰርዟል። የተሰረዘ ነገር ደግሞ የለም። ወስደሻል ወይ ቢሏት አልወሰድኩም ማለቷ ውሸት አይሆንም። ይህን በተንኮል አይደለም የምትለው። ከልቧ ታምንበታለች።

ሶስና ግማሹን በሆላንድኛ፣ ግማሹን በአማርኛ መለሰች፤ ማማ፣ መርማሪው እኮ ቄስ አይደለም!

“ቄስ ቢሆንማ ምን ቸገረን” አለች አስቴር፤ “ይፈታሽ ነበር።”

ሦስታችንም ሳቅን። ሳቁ ግን አልቆየም።

ጥያቄው በትክክል ምን ይላል አልኩ። ልጅ ሳለሁ መምህራችን ጥያቄውን ሳናነብ እርሳስ አያስነሱንም ነበር። ሶስና አሰበችና ወደ አማርኛ መለሰችው፤ ዕፅ ወስደሽ ታውቂያለሽ? ልብ በይ አልኳት አስቴርን። ነጽተሻል ወይ፣ ይቅር ተብለሻል ወይ አላሏትም። ታውቂያለሽ ወይ ነው ያሏት። ንስሐ ኃጢአቱን ያነሣል እንጂ ያወቁትን አላወቁም አያሰኝም።

“እማዬ፣ ሰዋስውዎን ጀመሩ ደግሞ! በሰዋስው ልጄ እንጀራዋን ታጣ?”

ልታጣ ትችላለች። እውነቷን ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 19

ሶስና ከባቡር ውስጥ ደወለች። እንዳጣራችው ከሆነ ድሮ ወስዶ የተወ ሰው ወዲያው አይጣልም፤ ይመዘናል። የሚፈሩት የደበቀውን ነው። የደበቀ ሰው፣ ምስጢሩን ያገኘበት ሁሉ እያስፈራራ ያዝዘዋል። ቢሆንም ትቀጠሪያለሽ ብሎ ቃል የሚሰጣት የለም። ምን ልበል አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አዝዣለሁ፤ ዛሬ አላዘዝኩም። የምትኖሪበት መልስ ነውና አንቺው ምረጪ አልኳት። ስልኩ ተቋረጠ። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ይሁን፣ እሷ ከፍቷት ይሁን አላወቅሁም።

ለመጋረጃው ሰውዬ ደወልኩ። አያነሣም።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 25፣ ማምሻውን

ተናገረች። ከምርመራው በቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጣችው። ፊቷ የገረጣ፣ ግን ጸጥ ያለ።

መርማሪዋ ሴት ናት፤ ትሑት፣ አትቸኩልም። ክኒኑን ማን ሰጠሽ ብላታለች። ማንም አልሰጠኝም፣ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ ብላለች ሶስና። ነገሩን ማን ያውቃል ስትላት፣ እናቴ፣ አያቴና ቄሳችን ብላለች። እዚህ ላይ መርማሪዋ ብዕሯን አቁማ ቄሱ የመዘገቡት ነገር አለ ወይ ስትል ጠየቀች። ሶስና ሳቀች፤ የኛ ኑዛዜ አይጻፍም። መርማሪዋም ፈገግ ብላ፣ የሥራ ባልደረቦችሽ ቢሰሙስ አለቻት።

“አፍራለሁ፤ ግን አልፈራም።”

በሆላንድኛ ብላው በአማርኛ ደገመችልኝ። በአማርኛው ያምራል። አልነገርኳትም፤ ትኮራለች። ሽሮ በልታ ሶፋው ላይ ከነጫማዋ ተኛች። ጫማዋን አወለቅሁላት።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 27

መርማሪዋ ደወለችልኝ። በሳምንቱ ቤቴ ትመጣለች። አስተርጓሚ ያሻዎታል ወይ አለችኝ። አስብበታለሁ አልኩ። አስቴር ይህን ስትሰማ፣ ለምን ባዳ፣ እኔ አለሁ አለች።

ሐሳቧን ጠየቅኋት። አልደበቀችም። ጓደኛዋ ናት መጠጥ ውስጥ የጨመረችባት ብላ ልትተረጉምልኝ ነው፤ እኔ ምንም ብል! ልጅቱ እኮ ራሴ ገዛሁ ብላለች አልኩ። ሁለት ዓይነት ታሪክ ከሰሙ ማንን ያምናሉ? ያ ሁሉ ድፍረቷ ከንቱ ይቀራል።

“እናት ነኝ፤ ገዛች የሚል ቃል ከአፌ እንዴት ይውጣ?”

አለቀሰች። ውኃ ሰጠኋት። አልተቆጣሁም። ልትዋሽ ያሰበችው ውሸታም ስለሆነች አይደለም። አፏ እምቢ ስለሚላት ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፣ ጠዋት

መርማሪዋ በአራት ሰዓት ትመጣለች፤ በእነሱ አሥር። አስቴር ከዞተርሜር ማልዳ መጥታለች። የቤ/ክ ነጠላዋን ለብሳለች፤ ድፎ ዳቦ ይዛለች። ለመርማሪ!

ወስኛለሁ፤ ለአስቴርም ነገርኳት። እሷ አታስተረጉምም። ሌላ አስተርጓሚም አላስመጣሁም። እኔው ራሴ በሆላንድኛዬ እናገራለሁ። የገበያና የሐኪም ቤት ሆላንድኛ ነው። ወንዱንና ሴቱን፣ ያለፈውንና የሚመጣውን አምታታበታለሁ። በሰው ፊት ስሕተት መናገር የምጠላውን ያህል የምጠላው ነገር የለም። ዛሬ እሳሳታለሁ። ቃል ቢጠፋኝ እስኪመጣ እጠብቃለሁ እንጂ ወደ አስቴር አልዞርም። የምለው አጭር ነው፤ ራሷ ገዛች፤ ራሷ ተወች፤ ራሷ ተናገረች። ሌላ ብትጠይቀኝ ያየሁትን እነግራታለሁ፤ ያላየሁትን አላየሁም እላለሁ።

አስቴር ሰማችኝ። ነጠላዋን አጣፋች።

“ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?”

አጠገቤ ተቀመጪ አልኳት። ሻይ ቅጂላት። ስኳሩን ጠይቀሽ ነው የምትጨምሪው፤ እነሱ እንደኛ…

የበሩ ደወል ጮኸ። አስቴር ልትከፍት ተነሥታለች፤ እዚህ ላቁም።