«ይገባናል» ስል «ገባልን» ላሉኝ አዘጋጅ

ለተከበሩ አቶ ግሩም፣
የ«ማለዳ ወሬ» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅና የልብ ወለድ ደራሲ
ቡታጅራ

ጤናዎ ከነቤተሰብዎ፣ ብዕርዎም ከነቀለሙ እንዲሰነብት እመኛለሁ።

አስቀድሜ፣ አዲሱን ልብ ወለድዎን አንብቤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ ተብሎ በገበያው የሚወራው ሐሰት መሆኑን ላስታውቅ። እንባዬ የመጣው ሐኪም ካዘዘልኝ የዓይን ጠብታ ነው። መጽሐፉን ግን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ባለታሪክዎ ጋዜጠኛው፣ ሹም ቢያስፈራራው፣ እጮኛው ብትለምነው፣ ሰው ከተናገረው ላይ አንዲት ቃል አልጨምርም ብሎ ከሥራው ይባረራል። እንዲህ ያለ ሰው ስለፈጠሩልን አመሰግናለሁ፤ በዝግጅት ክፍልዎ ሳይቀጠር መቅረቱ ብቻ ያሳዝነኛል።

ቅሬታዎቼ እነሆ፦

1ኛ. ባለፈው ወር ሰፈራችን መጥተው ሲጠይቁኝ፣ «ለእኛም ውሃ ይገባናል» አልኩ። ጋዜጣዎ «ለእኛም ውሃ ገባልን» አለች ብሎ አወጣው። አማርኛን በአለንጋ የተማርኩ ሴት ነኝና የሚገባና የገባ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ የሚገባን ሁሉ ቢገባልንማ ኖሮ ጋዜጣም ባላስፈለገን።

2ኛ. እልልታዬ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ ብለዋል። የፊት ጥርሶቼ ከወለቁ ወዲህ እልልታዬ ከጓሮዬ አያልፍም፤ ስላደሱልኝ ድምፅ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

3ኛ. ይህኛው አያስቅም። ጎረቤቴ ሳሌሃ ቧንቧው መቼ እንደሚዘረጋ ልትጠይቅ ውሃ ቢሮ ብትሄድ፣ ኃላፊው ጋዜጣዎን ዘርግቶ፣ «እናንተማ እልል ብላችሁ ጠጥታችኋል! ወረፋችሁ ለሌላ ሰፈር እንዲሰጥ ዓርብ ይወሰናል» አላት። እሷም «ወላሂ፣ የጠጣነው ወሬውን ነው» ብላው ተመለሰች። ይህች ነፍሰ ጡር ዛሬም ውሃ ፍለጋ ወንዝ ትወርዳለች።

ይህንኑ ሳሳስብዎ፣ «እማማ፣ ዜናም እኮ ትንሽ ቅመም ይፈልጋል» ብለውኛል። ቅመም የሚያምረው ድስቱ ውስጥ ወጥ ሲኖር ነው። ስለዚህ ሐሙስ በሚወጣው እትምዎ፣ በፊተኛው ገጽ ላይ፣ ያልኩትን ብቻ እንዳልኩት እንዲያወጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ላልተናገርኩት ንግግርና ላልጠጣሁት ውሃ ባለውለታዎ ሆኜ፣ በታላቅ አክብሮትና በደረቀ ጉሮሮ እሰናበትዎታለሁ።

አበባ ባልቻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገ በማለዳ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጸሎቴን አደርሳለሁ። ቀጥሎ ባዶ ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ቢሮዎ በር ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ ላለፈ ላገደመው ሁሉ፣ በጋዜጣ የገባልን ውሃ የሚቀዳው እዚህ ነው እላለሁ። የሰፈሩ ሴቶችም ጀሪካናቸውን ይዘው ይከተሉኛል፤ ሰልፉን ሲዘግቡ እባክዎ ምንም አይጨምሩበት፣ ራሱ በቂ ነው።