ጃለኔ ገና አልጨረሰችም

ካዛንቺስ፣ ኅዳር 2003 ዓ.ም.

ለታናሽ እህቴ፣

ከነልጆችሽ እንዴት ከርማችኋል? የወሊሶ ብርድ አልበረታባችሁም? እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጎረቤታችን ጋሽ ተከስተ አልተሻላቸውም። ልባቸው ነው አሉ ሐኪሞቹ። ሚስታቸው ለተሚካኤል ትራስ ደርድራ ቁጭ እንዳሉ ነው የምታስተኛቸው። ልጃቸው መሓሪም በምሳ ሰዓት ኦሎምፒያ ካለው ሥራው እየሮጠ መጥቶ አይቷቸው ይመለሳል። ግድግዳችን አንድ አይደል፣ ሲያስሉ እኛም አብረን እንነቃለን።

በስልክ የማላወራሽ፣ ባሌ ደቻሳ አጠገቤ ስለሚሆን ነው። እሱ ባይኖር ልጄ ጃለኔ አለች። በዚህ የቀበሌ ቤት ሰው ብቻውን የሚሆነው ሽንት ቤት ነው፣ እሱም የጋራ ነው።

ጋሽ ተከስተ ጃለኔን ለመሓሪ ብለው ሽማግሌ እንደላኩብን ታውቂያለሽ። ደቻሳ እንዴት እምቢ ይበል? በዚያ በክፉ ዘመን ኮርኒሳቸው ውስጥ ደብቀው ያተረፉት እሳቸው ናቸው። ጃለኔ ደግሞ አብሮኝ ያደገ ወንድሜን እንዴት አገባለሁ ትላለች። ለእኔ ነው ያለችው፤ ለአባቷ ትንፍሽ አላለችም። ያኔ መላው ሲጠፋኝ፣ ማስተርሷን ትጨርስ ብዬ ደቻሳን አሳምኜ ቀጠሮ ሰጠን። ሽማግሌዎቹም ደግ ነው ብለው መርቀው ሄዱ።

ትምህርቱ የገንዘብ ሒሳብ ነው። ሰፈሩ ባንክ የምትቀጠር ይመስለዋል። እኔ በወረቀቷ ላይ አንድም ብር አላየሁም፣ በቃ ፊደል ብቻ ነው የሚርመሰመሰው። አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፍኩ ምንድን ነው ነገሩ አልኳት። ሰው ዛሬ ትንሽ ከፍሎ፣ አንድን ዕቃ ወደፊት በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት ይይዛል አለችኝ። ቀኑ ሲደርስ ካልፈለገ ይተወዋል። እሷ የምታሰላው ያ መብት ስንት እንደሚያወጣ ነው። ሲተወው ማንም አይቀየመውም? አልኳት። በሒሳቡ ውስጥ መቀየም የለም፣ እማዬ፣ አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት የክፍል ጓደኛዋ ዙለይካ መጣች። ጃለኔ አልነበረችም። ሻይ ስቀዳላት፣ ማዘር፣ ጃሉ ምን ሆና ነው ጽሑፏን የማታስገባው፣ አስተማሪያችን እኮ አርሞ ጨርሶላታል፣ ማስረከብ ብቻ ነው የቀራት አለችኝ። ሻዩን ከብርጭቆው ውጭ ቀዳሁት። በየጠዋቱ ላይብረሪ ብላ የምትወጣው ልጄ የት እንደምትውል አላውቅም። አልጠየቅኳትምም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። የሚመሯቸው አቶ አጽብሃ ቀልደኛ ናቸው፤ ይቺ ልጅ ያገሩን ብር ቆጥራ ልትጨርሰው ነው እንዴ፣ ለእኛም ታስተርፍልን እንጂ ብለው አሳቁን። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ተከስተ የልጁን ሠርግ ሳያይ እንዳያልፍ አሉ። ደቻሳ አንገቱን ደፋ። ለጥር ቀን ሊቆርጥ አፉን ሲከፍት ጃለኔን አየኋት። ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። እኔ በሽማግሌ ፊት ተናግሬ አላውቅም። አስተማሪዋ እንደገና ሥሪው ብሏታል፣ ገና ናት አልኩ። ያ ሒሳብ አያልቅም እንዴ? አሉ አቶ አጽብሃ። ከባድ ነው ጋሼ፣ አልኳቸው።

ማታ ሳልጠይቃት እግሬን አጠበችኝ።

ትናንት ደግሞ ለተሚካኤል መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ ብላ፣ ግድግዳውን እያየች በሹክሹክታ ነው የተናገረችው። ልጅሽ መሓሪን እንደማትፈልገው አውቃለሁ፣ እሱ ራሱም ያውቃል። እኔ አልቀየምም። ብቻ ተከስተ ከደቻሳ ቤት እምቢታ ሰምቶ እንዳይሞትብኝ። እሱ እስካለ ትማር በያት። እንዳታቋርጥ፣ እንዳትጨርስም አለችኝ።

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ዛሬ ጠዋት አቶ አጽብሃ በደጅ ሲያልፉ፣ እሜቴ፣ ሒሳቡ ከምን ደረሰ? አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው።

እህቴ፣ መቼ ነው የምትመረቀው፣ ቀሚስ ላሰፋ ብለሽኝ ነበር። አታሰፊ። ያ ቀን ይምጣ ብል ምን እንደምመኝ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ጠዋት ማታ ለጋሽ ተከስተ ዕድሜ ስጣቸው እላለሁ፣ ከልቤ ነው። ጃለኔም አሜን ትላለች።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርገው። ይህን አንብበሽ ስታበቂ ቅደጂው።

እህትሽ