የደረቀው ቧንቧ

እሑድ፣ ኖቬምበር 2006

ቧንቧው ደረቀ! ዓመቱን ሙሉ ከግድቡ እግር ሥር ጠብ ጠብ ይል የነበረው ዛሬ ጠብታ የለውም። አለቃዬ ሞሼ አጨበጨበ። «ቤሰደር፣ ደህና ነው! ማፍሰሱ ቆመ» አለ። እኔን ግን ነገሩ አላማረኝም።

ግድብ ስል ትልቅ ነገር አይደለም። የድንጋይ ካባችን የተፈጨ ድንጋይ ያጥባል፤ ከእጥበቱ የሚወጣውን ጭቃ ውሃ አግዶ የያዘው ይህ የአፈር ክምር ነው። አፈር ውሃ ያሰርጋል። የሰረገው በቧንቧው ካልወጣ ውስጥ ይጠራቀምና አፈሩን ያላላዋል፤ የላላ አፈር ይናዳል። ከሥሩ ደግሞ የቆርቆሮ ጥበቃ ቤቱ አለ። ጥበቃው አባዬ ናቸው።

ሰኞ

ግድቡ አናት ላይ በተቀበሩት ቀጫጭን ቱቦዎች መለኪያ ገመዴን ሰደድኩ። ውስጡ ያለው ውሃ ካለፈው ሳምንት ከፍ ብሏል። ዝናብ እኮ ገና አልጣለም! ለሞሼ ነገርኩት። «ደግመሽ ለኪ» አለኝ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ተናድጄ ክርያት ሞጽኪን ወዳለው ቤታችን ተመለስኩና እናቴ ላይ ጮህኩ። እሷ ምን አደረገች?

ማክሰኞ

ራዲዮ ሐሙስ ይዘንባል አለ። ጭንቀቴን ደብቄ «አባዬ፣ እስኪ ለጥቂት ቀን ከግቢው በር ማዶ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«ከገዛ ቤቴ ታባርሪኛለሽ?» ብለው ሳቁ። እዚህ ከተቀጠርኩ ወዲህ ለሰው ሁሉ «የልጄ ግድብ» ነው የሚሉት። እኔ አልገነባሁት፤ ቢነግሯቸውም አይሰሙ። እንቢ ብለው እዚያው ዋሉ።

ረቡዕ

ተንበርክኬ እጄን ቧንቧው ውስጥ ከተትኩ። ጭቃ! ከሣር ጋር ተቦክቶ፣ በደንብ ታሽቶ፣ ጥብቅ ተደርጎ የተመረገ። ሃይፋ ውስጥ እንዲህ አድርጎ ጭቃ የሚመርግ ስንት ሰው አለ? አንዱን አውቀዋለሁ።

«አባዬ፣ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ምን ላድርግ! ሠራተኞቹ ‹የልጅህ ግድብ ያፈሳል› እያሉ ሲስቁብኝ፣ ገበናሽን ልሸፍን ብዬ ነዋ።»

ሳቄም እንባዬም እኩል መጡ። ማፍሰሱ ጤናው እንደሆነ፣ የሚያስፈራው መድረቁ እንደሆነ ነገርኳቸው። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ወይ እኔ! ምን ትጠብቂያለሽ? ክፈቺው እንጂ!»

ቀስ እያልኩ አወጣሁት። ቡናማ ውሃ ተንዶለዶለ። የአባዬ ጭቃ ታጥቦ እየወጣ ከሆነ እሰየው። ግን የግድቡ የራሱ አፈር ቢሆንስ? ሲመሽም አልጠራም። አባዬን እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኳቸው፤ ዛሬ እንቢ አላሉም።

ለሞሼ «ተዘግቶ ነበር» አልኩት፤ ማን እንደዘጋው አልነገርኩትም። ካወቀ ያባርራቸዋል።

ሐሙስ

ዘነበ። ጃንጥላዬን ንፋስ ወሰደው፤ እንኳን ወሰደው፣ ሁለት እጅ አስፈልጎኝ ነበር። በመስታወት ብርጭቆ ከቧንቧው ቀድቼ ወደ ብርሃን አነሳሁ። ድፍርስ። ቆይቼ ደገምኩ። ትንሽ ቀለል ብሏል።

ከዚያ ቢሮ ስገባ አባዬ ሞሼ ፊት ቆመዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው፣ «እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም» ይላሉ። ሞሼ ቀላ፤ ጮኸ፤ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ክሬን መጥቶ የጥበቃ ቤቱን አንስቶ ከበሩ ማዶ አስቀመጠው። ሞሼ ስለ ማባረር ግን ምንም አላለም። መጠየቅም ፈራሁ።

ዓርብ

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ገና ጫማዬን ሳላስር ስልክ ጮኸ። አባዬ ናቸው፤ ማንም ሳያዛቸው ቀድመው ሥራ ገብተዋል።

«በብርጭቆ ቀዳሁት» አሉ። «ጣቴ በወዲያ በኩል ይታየኛል።»

«ጠርቷል ማለት ነው? ይፈሳል?»

«ተመስገን ልጄ፣ የልጄ ግድብ ያፈሳል!» ብለው ጮኹ፤ ከኋላቸው ሠራተኞቹ ሲስቁ ይሰማል፤ አባዬም አብረው ይስቃሉ።